ጊዜን የሚካፈል አገር

በቦረና በበጋ ወራት ኤላ በሚባለው ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ክርክር ሲነሣ «ውኃው የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። የኤላው ባለቤት ጎሳ የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ ያስቆፈረው አባት ስሙ ከነትውልዱ ይቆጠራል። የሚጠየቀው «ዛሬ የማን ቀን ነው?» ተብሎ ነው። ከሩቅ መንደር ላሞቹን ነድቶ የመጣ ሰው ተራው ነገ ከሆነ፣ ከብቱ ውኃው እየሸተተው ከአፋፉ ፈቀቅ ብሎ ያድራል። ይህን የሚወስነው አባ ሄሬጋ የሚባለው የተራ አባት ነው። ዘብ አያቆምም፤ ቃሉ የሚጸናው ነገ ተራ የማይፈልግ ሰው ስለሌለ ነው።

እኛ የደጋ ልጆች አገር ሲባል ቀድሞ የሚታየን መሬት ነው፦ ወሰን፣ ማሳ፣ ርስት። ሙግታችንም ቅኔያችንም ሕጋችንም በእሱ ላይ ቆሟል። በዚያው ዓይን ቦረናን ያየ መንገደኛ «ምን ያለ ባዶ ሜዳ ነው፤ ባለቤትም የለው» ብሎ ያልፋል። እኔ እንደሚገባኝ ቦረና የተካፈለው መሬቱን አይደለም፤ ጊዜውን ነው። የውኃው ቀን፣ የግጦሹ ወቅት፣ የሥልጣኑ ስምንት ዓመት የአንድ አሳብ ውጤቶች ናቸው። ባለፉት መቶ ዓመታት በዚህ ምድር ላይ ከደረሰው ጉዳት አብዛኛውም የመጣው ጊዜን የተካፈለውን ሕዝብ መሬት እንዲሸነሽን ከማስገደድ ነው።

የምድሩን ነገር ሳያነሡ ይህን ማስረዳት አይቻልም። የዞኑ ዋና ከተማ ያቤሎ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ አስፋልቱ በዱብሉቅና በሜጋ አልፎ ኬንያ ጠረፍ ላይ ሞያሌ ይደርሳል። አብዛኛው አገር ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 እስከ 1,600 ሜትር ከፍታ ያለው ሜዳና ኮረብታ ነው፦ ቀይ አፈር፣ ግራር፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ካለው ከዳዋ በቀር ይህ ነው የሚባል ወንዝ የለውም። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበውን ዋናውን ዝናብ ገና፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚዘንበውን ሀገያ ይሉታል። ከዓመቱ ውኃ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በገና የሚወርደው ነው፤ እሱም ቢሆን አንዱን ሸለቆ አጥቦ አጎራባቹን ይዘለዋል። አራሽ በእንዲህ ያለ ዝናብ ይከስራል፤ ማሳው ተነሥቶ ደመናውን አይከተልለትምና። ከብት ግን እግር አለው። የቦረና ሥርዓት ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

   

ወደ ኤላው ልመለስ፤ የነገሩ ልብ እዚያ ነው። ቱላ የሚባሉት ዘጠኝ ታላላቅ የኤላ መንደሮች በጥንት ሰዎች እጅ የተቆፈሩ ናቸው። አንዳንዱ ጉድጓድ እስከ 30 ሜትር ይጠልቃል። ከብቱ በተቆረጠ ዳገት መንገድ ከምድር ወለል በታች ይወርዳል፤ እዚያ በጭቃ የተለሰነ ረጅም ገንዳ ይጠብቀዋል። ከገንዳው በታች ጉድጓዱ በቀጥታ ይወርዳል፤ ወጣቶች በእርከንና በእንጨት መወጣጫ ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ይቆሙና ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላሉ። ሙሉው ወደ ላይ፣ ባዶው ወደ ታች፤ እጆቹን ሁሉ በአንድ ምት የሚያስኬደው ዘፈን ነው። ዘፈኑ ከብቱን ያወድሳል፤ ላሞቹም የጌቶቻቸውን ድምፅ ለይተው ይወርዳሉ ይባላል። ውኃው ጥልቅ በሆነ ቁጥር ብዙ ሰው ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የቱንም ያህል መንጋ ያለው ሰው ብቻውን ከብቱን ማጠጣት አይችልም። ሀብታሙን ከጎረቤቱ ጋር ያሰረው የጉድጓዱ ጥልቀት ነው።

በበጋ ከብት በየሦስት ቀኑ ነው የሚጠጣው። ይህን ለላም ጭካኔ አድርጎ የሚያይ ይኖራል። በየቀኑ የሚጠጣ መንጋ ግን ከውኃው መራቅ አይችልም፤ በኤላው ዙሪያ ያለውን ሣር በጥቂት ሳምንት ይጨርሰዋል። በሦስት ቀን አንዴ የሚጠጣው አንዱን ቀን ለውኃ፣ የቀሩትን ለሩቅ ግጦሽ ያደርጋል፤ አንድ ኤላ የሚያሰማራው ምድርም በዚያው ልክ ይሰፋል። የሦስት ቀኑ ተራ ውኃውንም ሣሩንም የሚያብቃቃ ስሌት ነው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ መንጋው ራሱ በወቅት ይከፈላል። የሚታለቡት ላሞችና ጥጆች ከቤተሰቡ ጋር መንደር ይቀራሉ፤ ወይፈኑና ደረቁ ከብት ፎራ ወጥቶ፣ ከወጣት እረኞች ጋር ዝናብ የጣለበትን እየተከተለ ይከርማል። በመንደሩ አጠገብ ያለው ሣር ለበጋ እንዲተርፍ በክረምት ከከብት ይጠበቃል። ባዶ ሜዳ የመሰለው ለመንገደኛው ነው፤ ለቦረናው ቀኑ ያልደረሰ ግጦሽ ነው።

በሥልጣንም ያው ነው። ገዳ ሰውን በአምስት ምድብ ያደራጃል፤ ምድቦቹ እየተፈራረቁ እያንዳንዳቸው ስምንት ዓመት ይመራሉ፤ አንዱ ምድብ ተራው ተመልሶ የሚደርሰው ከ40 ዓመት በኋላ ነው፤ ልጅም የአባቱን መንገድ የሚረግጠው 40 ዓመት ቆይቶ ነው። በስምንት ዓመት አንዴ ሕዝቡ በጉሚ ጋዮ ጉባኤ ተሰብስቦ ሕጉን ይመረምራል። ጨረቃና ከዋክብትን እያዩ ቀን የሚቆጥሩ አዋቂዎችም አሉ። አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት የገዳ ጥናት ይህን አቆጣጠር በዝርዝር አሳይተዋል፤ ዩኔስኮም ገዳን በ2016 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። እኔን ከምዝገባው ይልቅ የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። 71ኛው አባ ገዳ ኩራ ጃርሶ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥልጣን ተረከቡ፤ በዘመናቸው በሕያዋን ትዝታ እጅግ ከከፉት ድርቆች አንዱ መጣ፤ ከብት እንደ ቅጠል ረገፈ። ጊዜው ክፉ ስለሆነ ልቆይ፣ ሕዝቡን አሻግሬ ልውረድ ለማለት ከዚያ የተሻለ ምክንያት አይገኝም ነበር። ስምንተኛው ዓመት ሲሞላ፣ በ2025፣ አስረከቡ። ቀኑ በሰው ፈቃድ የማይገፋ ሥልጣን በአገራችን ታሪክ ስንት ጊዜ ታይቷል?

ግን እውነቱን ሳናስውብ እንናገር። ተራ ማለት እኩልነት አይደለም። በኤላው የጠጪዎች ሰልፍ ውስጥ የቆፋሪው ወገን ይቀድማል፤ ከሌላ ጎሳ የመጣ እንግዳ ወደ ኋላ ይቆማል። ባልዲ ከሚቀባበሉት ወጣቶች መካከል የራሱ መንጋ የሌለው አለ፤ ጉልበቱን በወተትና በመጠጊያ የሚለውጥ ድኻ ነው። ሴቶች በገዳ ሹመት ውስጥ ቦታ የላቸውም፤ ቤት የሚሠሩት፣ የሚያልቡት፣ ወተቱን ገበያ የሚያወጡት ግን እነሱ ናቸው። ልደቱ ከአባቱ ዑደት ጋር ያልገጠመለት ወንድ ልጅም ከሥርዓቱ ደረጃዎች ውጭ ይወድቃል። ከጉጂ፣ ከገብራ፣ ከገሪ፣ ከኮንሶ ጋር ያለው ጉርብትናም አንዳንዴ ደም ያፈሰሰ ነው። ይህን ሁሉ የማነሣው የኋላ ዘመንን ገነት አድርጎ መሳል ለቦረናም ስለማይጠቅም ነው። ማለት የምፈልገው ሥርዓቱ ከምድሩ ባሕርይ ጋር ይገጥም ነበር ብቻ ነው፤ ያም ትንሽ ነገር አይደለም።

ከብቱም በዚያው ተራ ይዞራል። ደባሬ በሚባለው ልማድ ከብት የተረፈው ሰው የምትታለብ ላም ለሌለው ያውሰዋል፤ ተበዳሪው ያልባታል፣ ጥጃው የባለቤቱ ነው። ድርቅ ወይም ዘረፋ መንጋውን የጨረሰበት ሰው ደግሞ ጎሳው ፊት ቆሞ ይጠይቃል፤ ይህም ቡሳ ጎኖፋ ይባላል፤ ጎሳው መክሮ ከየመንጋው አዋጥቶ ዳግመኛ ያቆመዋል። የሚሰጠው ሰው ነገ የሚጠይቀው እሱ ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። ሀብቱ በግጦሹ ላይ ከሚታየው ከብት ይልቅ በሰዎች ላይ ባለው ውለታ የተቀመጠ ነው።

የቦረና ከብት ራሱ ከአገሩ ርቆ ሄዷል። ባለ ሻኛው፣ ነጭና ግራጫ የሚበዛው ይህ ዝርያ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግድም በኬንያ የነበሩ ነጭ ባለ እርሻዎች ገዝተው፣ በአጥር ውስጥ መርጠው አራቡት፤ ኋላም ፅንሱ እስከ አውስትራሊያ ደረሰ። በአገሩ ደግሞ ከዱብሉቅና ከሐሮ በቄ ገበያ እየተገዛ ወደ አዳማ ማድለቢያዎች፣ ከዚያም ወደ ዓረብ አገሮች ይሻገራል። አርቢው የሚሸጠው በአብዛኛው እህል ለመግዛት ነው። አንድ ወይፈን ተሽጦ የሚገዛው በቆሎ ሥጋው ከሚያበላው ቀን እጅግ የበለጠ ቀን ያበላል፤ ድርቅ ሲገባ ግን የከብቱ ዋጋ ይወድቃል፣ የበቆሎው ይወጣል፣ ይህም ሒሳብ በአንድ ወቅት ይገለበጣል። «ለምን ቀድመው አልሸጡም?» ለሚለው የከተማ ጥያቄ መልሱ እዚህ አለ። ላም የመጀመሪያ ጥጃዋን የምትወልደው አራት ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው፤ ጊደርን መሸጥ ያለፈውን አራት ዓመት መሸጥ ነው።

አሁን ወደ መሬት ክፍፍሉ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ቦረና በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ከገባ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1907 ኢትዮጵያና እንግሊዝ የደቡቡን ወሰን ተፈራረሙ። መሥመሩ ሕዝቡንና ግጦሹን ለሁለት ከፈለ። ሆኖም ውሉ በወዲያና በወዲህ ያሉ ሰዎች እንደ ቀድሟቸው ተሻግረው እንዲያሰማሩ ፈቅዷል፤ ያሠመሩት ሰዎች ራሳቸው መሥመሩ ለከብት እንደማይሠራ አውቀው ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ያን ያህል አስተዋይ አልነበሩም።

እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዓለም ባንክ ብድር የተቋቋመው የደቡብ ግጦሽ መሬት ልማት ድርጅት ያቤሎ ላይ ተቀምጦ መንገድ ቀየሰ፣ ከብት አከመ፣ ራንች አጠረ፣ በትራክተር ሰፋፊ ኩሬ ቆፈረ። ክትባቱ ብዙ ከብት አድኗል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ኩሬው ግን የመልካም አሳብ ጉዳት ምሳሌ ሆኖ ይታየኛል። ቀድሞ ውኃ ያልነበረው ሰፊ ሜዳ የሚበላው በዝናብ ወራት ብቻ ነበር፤ ጠፈጠፉ ሲደርቅ ከብቱ ወደ ኤላዎቹ ይመለሳል፣ ሣሩም ያርፋል፣ ዘሩን ይጥላል። ኩሬ ሲቆፈርበት ከብቱ ሳይመለስ ከረመ፤ በዓመቱ መንደር ተተከለ፤ የሣሩ ዕረፍት ጠፋ። ኩሬው እንደ ኤላው በትውልድ የዳበረ የተራ ሕግ አልነበረውም፤ ውኃ ሰጠ፣ ጊዜን ግን አፈረሰ። ሌይን ኮፖክ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ትልቅ ጥናት የግጦሹንና የመንጋውን ለውጥ በዝርዝር ጽፈውታል፤ መንጋው ይሞላል፣ ምድሩ ይጠብበዋል፣ በሚቀጥለው የዝናብ ጉድለት ይረግፋል።

እሳትም እንዲሁ። የቦረና እረኛ በበጋ ማብቂያ፣ ዝናብ ሊገባ ሲል፣ አሮጌውን ሣር ያቃጥል ነበር። እሳቱ ግራሩን ችግኝ ሳለ ይፈጀዋል፣ መዥገሩን ይገድላል፣ አመዱ ላይ የሚያርፈው የመጀመሪያ ዝናብም ለጋ ሣር ያበቅላል። በደርግ ዘመን መጀመሪያ ማቃጠል በሕግ ተከለከለ። የከለከለው ሰው የታየው የሚቃጠል ደን ይሆናል። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት እሾኻማው ቁጥቋጦ ሣሩን ሸፈነው፤ ዛሬ ላም የማትገባበት፣ ፍየልና ግመል ብቻ የሚለቅሙበት ስንት ሜዳ አለ። ክልከላውን ማንሣት ብቻውን አያድንም፤ እሳት እንዲነድ ደረቅ ሣር ያስፈልገዋል፣ ሣሩን ደግሞ ቁጥቋጦው አጥፍቶታል። መቼ እንደሚቃጠል የሚያውቁት ሽማግሌዎችም ተራ በተራ አልፈዋል።

በዚህ ሁሉ ላይ ድርቅ ይመጣል። ድርቅ ለቦረና አዲስ አይደለም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው ክፉ ቀን፣ ደስታ የሚባለው ከብት ፈጅ በሽታ ከሰሜን ጠረፍ ገብቶ የአገሪቱን ከብት ሲጨርስ ቦረናም አልተረፈም፤ ያ በሽታ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚያ እልቂት መንጋው ተመልሶ ቆመ፤ ጊዜ አግኝቶ ነበርና። አሁን የሚጠፋው ያ ጊዜ ነው። ድርቅ የመጣባቸውን ዓመታት እንቁጠር፦ እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1985፣ ከ1991 እስከ 1993፣ በ1999 እና 2000፣ በ2011፣ በ2016 እና 2017፣ ከዚያ ከ2020 እስከ 2023። ጊደር አድጋ፣ ወልዳ፣ ልጇም ወልዳ ቤት እስኪሞላ ስምንት ዘጠኝ ዓመት ይፈልጋል። በሁለት ድርቅ መካከል ያለው ክፍተት ሦስትና አምስት ዓመት ሲሆን ደባሬም ቡሳ ጎኖፋም የሚሰጡት ያጣሉ፤ አበዳሪውና ተበዳሪው በአንድ ቀን ድኻ ይሆናሉ። በመጨረሻው ድርቅ አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ቀረ። በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት አለቀ፤ ብዙ ሺህ ቤተሰብ በከተሞች ጠርዝ ዳስ ጥሎ የእርዳታ እህል ጠበቀ። የትናንት ባለ መቶ ከብት የዛሬ ተመጽዋች የሆነበትን አገር በቁጥር ብቻ መግለጽ አልችልም። ላም ማለት ለቦረና ጥሪት ብቻ አይደለችም፤ ሙሽራ የሚዳርባት፣ ሽማግሌ የሚመርቅባት፣ እንግዳ የሚከበርባት ናት። እሷ ስትጠፋ ሰው ንብረቱን ብቻ ሳይሆን ከሌላው ጋር የሚነጋገርበትን ነገር ያጣል።

እ.ኤ.አ. በ2012 በቦረና የከብት መድን ተጀመረ። ሳተላይት ከላይ የምድሩን ልምላሜ ይለካል፤ ልምላሜው ከተወሰነ ልክ ሲወርድ ከብቱ ሞቶ መታየቱ ሳይጠበቅ ለገዛው ሰው ይከፈላል። አሳቡን እወደዋለሁ፤ ሰው ከብቱ በቁሙ ሳለ መኖ እንዲገዛ ያስችለዋል። ግን ከሰማይ የሚያይ ዓይን ሁሉንም አረንጓዴ አንድ አድርጎ የማየት ችግር አለበት፤ ላም የማትበላው ቁጥቋጦም አረንጓዴ ነው። እሳቱ በመከልከሉ የበቀለው እሾህ ድርቁን ከሳተላይቱ ይሸሽገዋል ማለት ነው። ከቡሳ ጎኖፋም ይለያል፤ መድን የሚያገናኘው አንድን ሰው ከአንድ ድርጅት ጋር ነው፣ በጎሳ ፊት መቆምን፣ መለመንን፣ መስጠትን አይጠይቅም። ለአንዳንዱ ይህ ነፃነት ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢኖሩ እመርጣለሁ።

ባለ ሞተር ጉድጓድም በየቦታው እየተቆፈረ ነው፤ መቆፈሩም ግድ ነው፣ እናቶች በጀሪካን የሚሄዱበትን መንገድ ያሳጥራል። ኤላው የሚፈልገው የእጅ ሰንሰለት በበኩሉ እየሳሳ ነው፤ ወጣቱ ለትምህርት፣ ለሞያሌ ንግድ፣ ለወርቅ ቁፋሮ ይሄዳል፣ ማንም ሊከለክለው አይገባም። ሞተር ካለበት ግን ነዳጅ፣ ነዳጅ ካለበት ዋጋ፣ ዋጋ ካለበት የመጠጣት ቅደም ተከተሉን ገንዘብ ይወስነዋል። አባ ሄሬጋ በሞተሩም ጉድጓድ ላይ እንዲሾም ማድረግ ከባድ አይደለም፤ ውኃ ቢሮዎች ቁፋሮውን ሲያቅዱ ከኤላው ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው የበጋውን ተራ መጠየቅ ብቻ ይበቃቸዋል፤ በክረምትም ፓምፑን ዘግቶ ሣሩን ማሳረፍ የሚቻል ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ግጦሹን በቤተሰብ ሳይሆን በሰፊው፣ ዴዳ በሚሉት የጋራ ግጦሽ ክልል ደረጃ ለማኅበረሰቡ የማስመዝገብ ሥራ ተጀምሯል። ግጦሹን በየቀበሌው ከሚሸነሽን ካርታ እጅግ ይሻላል፤ አጥር ለሚያጥረውና ለሚያርሰው ሰው «ይህ ባለቤት አለው» የሚል ወረቀት ይሆናል። ነገር ግን ዴዳው ራሱ ወሰን ሆኖ ከተጻፈ፣ ዝናብ ከዴዳው ውጭ በጣለበት ዓመት ፎራ የወጣው እረኛ በምን ሕግ ያልፋል? ከጉጂው፣ ከሶማሌው፣ ከኬንያው ጎረቤት ጋር መቼ መሻገር እንደሚቻል፣ ስንት ወር መቆየት እንደሚቻል፣ የቱ ግጦሽ እስከ የትኛው ወር እንደሚዘጋ አብሮ ቢጻፍ፣ የ1907ቱ ወሰን ቀያሾች የተውትን በር ያህል እንኳ ይከፈታል። ሽማግሌዎቹ ይህን በቃል ይዘውታል፤ ሊጽፍላቸው የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል፣ ከሚቀጥለው ድርቅ በፊት።